ምዕራፍ ሰባት፦ ከሩቅ የሚያልቅ ሥዕል

በቴአትር መድረክ ጀርባ የተሰቀለን ትልቅ ሥዕል ቀርቦ ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቅር ይለዋል። ከአዳራሹ ወንበር ሆኖ ሲያየው ተራራ፣ የማሽላ ማሳና የማለዳ ሰማይ የነበረው ነገር ሁለት እርምጃ ሲቀርበው ይበታተንበታል። ተራራው በሰፊ ብሩሽ የተጎተተ ግራጫ ቀለም ይሆናል፤ ማሽላው የቢጫና የአረንጓዴ ፍንጥቅጣቂ፤ ሰማዩም ዳር ዳሩ ያልተስተካከለ ሰማያዊ ቅብ። «ይሄንንማ እኔም አላጣው» ማለቱ አይቀርም።

ያ ሥዕል ሳይጨረስ የተተወው ግን ሆን ተብሎ ነው። የመድረክ ሠዓሊ የሥራውን እኩሌታ ሠርቶ ቀሪውን ለርቀት፣ ለመብራትና ለተመልካቹ ዓይን ይተወዋል። ወደ ቴአትር ቤት ቀለም ክፍል ለተግባር ልምምድ የሚገባ ወጣት ከሁሉ በላይ የሚከብደው ትምህርትም ይኸው ነው፤ እጁ ገና መሥራት እየቻለ የት ላይ ማቆም እንዳለበት ማወቅ። ምዕራፉ በሙሉ የሚያብራራው ይህን አንድ ሐሳብ ነው።

በምዕራፍ ስድስት አናጺዎቹ ከሞራሌና ከኮምፖንሳቶ ግድግዳ፣ በርና ደረጃ ሲያቆሙ አይተናል። እነሱ ጨርሰው ሲወጡ መድረኩ ላይ ያለው ነገር ገና እንጨት ነው። ጭቃ ልስን፣ የድንጋይ ካብ ወይም የዛገ ቆርቆሮ አስመስሎ የሚያወጣው የቀለም ክፍሉ ነው። በምዕራፍ አራት ስለ መብራት ያልነውንም እዚህ መልሰን እንፈልገዋለን።

ዓይን መለየት የሚያቆምበት ቦታ

የጤነኛ ሰው ዓይን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የማየት አቅሙ ወሰን አለው። በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ነጥቦቹ በሚሊ ሜትር ሲሶ ያህል ከተራራቁ ሁለት መሆናቸው ይታወቀናል። ርቀቱ ሲጨምር ክፍተቱም በዚያው ልክ መስፋት አለበት፤ በ10 ሜትር 3 ሚሊ ሜትር፣ በ20 ሜትር ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከዚህ የጠበበውን ዓይን አንድ ላይ ቀላቅሎ ያየዋል።

በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሞሰብን እናስብ። ሰፊዋ ቀዩንና ቢጫውን አክርማ እያፈራረቀች ስትጠመጥም፣ ከእጇ ሥር ቀዩ ቀይ፣ ቢጫውም ቢጫ ነው። ሞሰቡን ከግቢው ማዶ ሆኖ የሚያይ እንግዳ ግን ዙሪያውን የሚሄድ ብርቱካናማ ቀለበት ይታየዋል። በዚያ ቤት ብርቱካናማ የተነከረ አንድም አክርማ የለም። ቀለሙን የሠራው በእንግዳውና በሞሰቡ መካከል ያለው ርቀት ነው። ጎበዝ ሰፊ ይህን ታውቃለች፤ ስፌቷን በየመሀሉ ከእጇ አርቃ፣ ዘርግታ ታየዋለች።

የመድረክ ሠዓሊ በብሩሽ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የጭቃ ግድግዳ ለመሳል አንድ ቡናማ ቀለም በጥብጦ ቢቀባው ከአዳራሹ የሚታየው ቡናማ ካርቶን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፈዘዝ ያለ መደብ ይጥላል፤ መደብ የምንለው ሌላው ቀለም ሁሉ የሚያርፍበትን የመጀመሪያውን ቅብ ነው። በላዩ ጠቆር ያለውን፣ ቀላ ያለውንና አመድማውን በየተራ በብሩሽ ጫፍ ይረጫል፤ አንዳንዱን ቦታ በጨርቅ ያብሳል፤ አንዳንዱን ቀለሙ ደረቅ በሚል ብሩሽ ይጎትታል። ከ20 ሜትር ላይ ርጭቱ አይታይም። የሚታየው ዝናብ የመታው፣ ጭስ የጠጣ፣ እጅ የዳሰሰው ግድግዳ ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያስገርም ነገር አለ። ሰማያዊና ቢጫ በባልዲ ሲበጠበጡ አረንጓዴ እንደሚወጣ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ሁለቱ በትናንሽ ነጥብ ጎን ለጎን ተረጭተው ከሩቅ ሲታዩ ግን ወደ ግራጫ ያደላሉ። ባልዲው ውስጥ አንዱ ቀለም ከሌላው ጋር ተዋህዶ ብርሃኑን ስለሚውጥበት ከሁለቱም የሚተርፈው አረንጓዴው ብቻ ነው። ሸራው ላይ ግን እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ብርሃን ሳይነካበት ወደ ዓይናችን ይልካል፤ መደባለቁ የሚሆነው ዓይን ውስጥ ነው። ስለዚህ ከሩቅ አረንጓዴ እንዲታይ የሚፈለግ ማሳ በተለያየ አረንጓዴ መረጨት አለበት።

ቀለም ጎረቤቱን እንደሚለውጥም መታወቅ አለበት። በፓሪስ የጎብለን የምንጣፍና የመጋረጃ ሽመና ቤት የማቅለሚያውን ክፍል ይመራ የነበረው ኬሚስቱ ሚሼል ሼቭረል፣ ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል ቅሬታ ይመጣለት ነበር። ሲመረምር ማቅለሚያው ምንም አልጎደለውም። ጥቁሩን ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ሌላ ቀለም ነበር። የጥናቱን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1839 በመጽሐፍ አወጣው። በቀለም ክፍል «ግራጫው አልጠቆረም፤ ጨምርበት» ከማለት በፊት አጠገቡ ምን እንዳለ ማየት የሚለመደው በዚህ ምክንያት ነው።

ከቆቦ ሜዳ የሚገኝ ትምህርት

ርቀት ነገሮችን ምን እንደሚያደርጋቸው ለመማር ከራያ ቆላ የተሻለ ቦታ አላውቅም፤ ይህን የምለው ለአገሬ አድልቼ ብቻ አይደለም። ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ የሚገኘው ቆቦ የተቀመጠው ሰፊ ሜዳ ላይ ነው። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ወደ ላስታ የሚያወጣው የደጋው ግድግዳ ያጥሩታል። በሁለቱ መካከል ዓይንን የሚያግድ ነገር ጥቂት ነው። እረኛ ሆኖ ወይም ማሽላ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ወፍ ሲጠብቅ የዋለ ልጅ፣ ሩቅ ያለን ነገር ሲያይ መዋል ሥራው ነበር።

ይህ ልጅ ዞብልን ሳል ቢባል መጀመሪያ የሚያነሣው ጥቁር ወይም ቡናማ ቀለም ነው፤ ተራራው ድንጋይና ቁጥቋጦ መሆኑን ያውቃልና። የሚያየው ግን ሌላ ነው። በእሱና በተራራው መካከል ብዙ ኪሎ ሜትር አየር አለ። አየር ባዶ አይደለም። ከፀሐይ የሚመጣውን ብርሃን ይበትነዋል፤ ከሌላው ይልቅ ሰማያዊውን አብልጦ ይበትናል። ሰማይ ራሱ ሰማያዊ የሆነው በዚህ ነው። ጠቆር ያለው ተራራና እኛ መካከል ያለው አየር ይህን የተበተነ ብርሃን ስለሚጨምርበት ተራራው በራቀ መጠን ይፈዝዛል፣ ሰማያዊ ይሆናል፣ ገደሉና ሸንተረሩም መለየት ያቅተዋል። በበጋ አቧራው ሲነሣ ደግሞ ሰማያዊው ወደ ነጣ ያለ ግራጫ ይለወጣል። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ አየሩ በዝናብ ስለታጠበ ያው ተራራ ቀርቦ የመጣ ይመስላል፤ ሸንተረሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

እንግዲህ መድረኩ ከፊቱ እስከ ኋላው 10 ሜትር ቢሆን፣ ሠዓሊው በዚያ ውስጥ ይህን ሁሉ አገር ማስገባት አለበት። ዘዴው ለመናገር ቀላል ነው። መጀመሪያ የሰማዩ ቀለም በትልቅ ባልዲ ይበጠበጣል፤ ከባልዲውም ጥቂት ይቀመጣል። ከፊት ያለው የማሽላ አገዳ በንጹሕ ቀለም፣ ብርሃንና ጥላው ጎልቶ ይሳላል። ከእሱ ጀርባ ያሉት ግራርና ቁርቁራ ሲሳሉ ቀለማቸው ውስጥ ከሰማዩ ባልዲ ጥቂት ይገባል። ለሜዳው መጨረሻ የበለጠ ይጨመራል። ለዞብል ደግሞ እኩሌታውና ከዚያም በላይ የሰማይ ቀለም ነው። ተመልካቹ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ የሚያውቀው ተራራው መራቁን ብቻ ነው።

ሰዓቱን መወሰንም የሠዓሊው ሥራ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከዞብል ጀርባ ስለምትወጣ ተራራው ውስጡ የማይታይ ሰማያዊ ጥላ ነው፤ በተቃራኒው የምዕራቡ የደጋ ግድግዳ ፊቱ በርቶ እጥፋቱ ሁሉ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ይገለበጣል፤ ዞብል ቡናማና ቀላ ያለ ሆኖ ይገለጣል፣ ደጋው ወደ ጥላነት ይሄዳል። ተውኔቱ «ማለዳ» ብሎ እየጀመረ ዞብልን በርቶ ቢስሉት የአዲስ አበባ ተመልካች ላያውቅ ይችላል። ከጎብዬ ወይም ከሮቢት የመጣ ሰው ግን አንድ ነገር ትክክል እንዳልሆነ ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ ባይናገረውም። ለዚያ ሰው ሲባል መጠንቀቅ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ተመልካቹ ሊነግረን የማይችለውን ስሕተት አርመን ማቅረብ የእኛ ግዴታ ነው።

የልምምድ ተማሪው ቀን

ለልምምድ የመጣ ተማሪ ብሩሽ ከመያዙ በፊት ብሩሽ ያጥባል፤ ይህ በየትም አገር ያለ ነው። ቀጥሎ ሸራ ያዘጋጃል። አቡጀዲው ተሰፍቶ ከእንጨት ፍሬም ላይ ይወጠራል፤ ከዚያ በውኃ የቀጠነ ኮላ ይቀባል። ኮላው ሲደርቅ ጨርቁን ሸምቅቆ እንደ ከበሮ ይወጥረዋል፤ የጨርቁንም ቀዳዳ ስለሚደፍን ቀለሙ ወደ ውስጥ አይሰርግም። ይህን የዘለለ ሰው ቀለም ሲቀባ ጨርቁ እየተጨማደደበት፣ ቀለሙም እየደበዘዘበት ይቸገራል።

ከዚያ ንድፉ ወደ ሸራው ይተላለፋል። ንድፉ ትንሽ ወረቀት ላይ የተሠራ ነው፤ በብዙ ቴአትር ቤቶች የተለመደው መጠን 1 ለ25 ነው፤ በወረቀቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነው በመድረኩ 1 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ በየ4 ሳንቲ ሜትሩ፣ ሸራው ላይ በየሜትሩ የካሬ መረብ ይሰመራል። ለሸራው መስመር ግንበኞች የሚይዙት ስፓጎ ያገለግላል፤ ክሩ ጠመኔ ይቀባና ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው ወጥረው መሀሉን ስበው ይለቁታል። ከዚያ በኋላ ሥራው በአንዱ ትንሽ ካሬ ውስጥ ያለውን መስመር በአንዱ ትልቅ ካሬ ውስጥ መድገም ነው። በዚህ መንገድ ሥዕል የማይችል ልጅ እንኳ ተራራን ከቦታው ያስቀምጣል።

ሸራው እንዴት ተቀምጦ ይሳላል የሚለው ላይ ሁለት ልማድ አለ። በአውሮፓ ብዙ አገሮች ወለል ላይ ተነጥፎ ሠዓሊው በላዩ እየተራመደ፣ ብሩሹን ረጅም ዘንግ ላይ አስሮ፣ ቆሞ ይስላል። በእንግሊዝ የተለመደው ግን ሸራውን ወደ ላይና ወደ ታች በሚንቀሳቀስ ትልቅ ፍሬም ላይ ሰቅሎ መሳል ነው። ወለል ላይ ሲሆን ቀለሙ አይወርድም፤ ውኃ የበዛበት ሰማይ ለመሥራት ይመቻል። ሲሰቀል ደግሞ ወደ ኋላ ሄዶ ለማየት ይቀላል። ረጅሙ ዘንግ ግን ድካም ከማቅለል ያለፈ ጥቅም አለው። ዓይን ከሸራው በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ከሆነ እጅ ወደ ዝርዝር ይሄዳል፤ ቅጠል በቅጠል መሳል ያምረዋል። ዘንጉ ሠዓሊውን በግድ ያርቀዋል።

ቀለምን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። እርጥብ ቀለምና የደረቀ ቀለም አንድ ስላልሆኑ፣ ሁልጊዜ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ተቀብቶና ደርቆ ሳይታይ ወደ ሸራው አይኬድም። ሰፊ ቦታ የሚሸፍን ቀለም ደግሞ በአንድ ጊዜ በአንድ ዕቃ ይበጠበጣል፤ መሀል ላይ አልቆ እንደገና የተበጠበጠ ሰማይ መጋጠሚያው ከሩቅ ይታያል።

«ውረድና እየው»

በተለማመድኩበት ክፍል ከአለቃችን አፍ የማይጠፋው ቃል «ውረድና እየው» ነበር። ብሩሽህን አስቀምጥ፣ ከመድረኩ ውረድ፣ የመጨረሻው ረድፍ ወንበር ላይ ተቀመጥና ተመልከት ማለቱ ነው። ጀማሪ የሚሠራው ለራሱ ዓይን ነው፤ የራሱ ዓይን ደግሞ ከሸራው በግማሽ ሜትር ላይ ነው። ልምምድ የሚባለው ነገር በእኔ አስተያየት ይህን ዓይን ቀስ በቀስ ወደ መጨረሻው ወንበር የማዛወር ሥራ ነው። የቀለም ክፍሉ ጠባብ ሆኖ ርቆ ማየት በማይቻልበት ጊዜ በመነጽር በተቃራኒው በኩል ማየትም የሠዓሊዎች የቆየ ዘዴ ነው፤ አቅርቦ የሚያሳየው መነጽር ሲገለበጥ ያርቃል።

ከወንበር ሲታይ ሌላም ነገር ይገለጣል። ወደ አንድ ነጥብ እየጠበበ የሚሄድ መንገድ ተስሎ ከሆነ ትክክል ሆኖ የሚታየው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1500ዎቹ የጣሊያን መሳፍንት ቴአትር ይህ ችግር አልነበረም፤ ሥዕሉ የሚሰላው ለመስፍኑ ወንበር ነበር፤ ዳር የተቀመጠው የተንሻፈፈ ከተማ ቢያይ የሚጠይቅለት አልነበረም። ለሁሉም ወንበር እኩል በሚከፈልበት አዳራሽ ግን እንዲህ ያለውን መንገድ መሀል ላይ አጭር አድርጎ፣ ዳርና ዳሩን በዛፍ ወይም በቤት ጥግ መሸፈን ይሻላል።

መብራቱም አለ። በምዕራፍ አራት ቀለም የምንለው ከነገሩ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን መሆኑን አይተናል። ቀይ መብራት ሲበራ አረንጓዴው ማሽላ የሚመልሰው ብርሃን ስለማያገኝ ይጠቁራል። ወደ ቢጫ በሚያደላ መብራት ሥር የዞብል ሰማያዊ ይሞታል። ስለዚህ የመድረክ ሰማያዊ በቀለም ክፍሉ ብርሃን ሲታይ ከልክ ያለፈ መሆን አለበት። መብራት ባለሙያው የሚጠቀምበትን ቀለም ሳይጠይቅ ሥራ የሚጀምር ሠዓሊ ሁለት ጊዜ ይሠራል።

የቤተ ክርስቲያኑ ሌላ መንገድ

የመድረክ ሥዕል የጥንት ነገር ነው። አርስቶትል ለግሪክ መድረክ ሥዕልን ያስገባው ሶፎክልስ ነው ይላል፤ የሮማው አርክቴክት ቪትሩቪየስ ደግሞ ለኤስኪለስ ተውኔት መድረክ የሳለው አጋታርከስ መሆኑን ጽፏል። ወደ እኛ የመጣው ከዘመናዊው ቴአትር ጋር ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ ተከፈተ፤ ብዙም ሳይቆይ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋሙ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በጨርቅ ላይ ትልቅ ሥዕል መሥራት የምናውቀው ነገር ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ከቆዳ የተቀቀለ ሙጫ ያውቃሉ፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ የሳሉትንም በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። የቁሳቁሱ ዝምድና ይህን ያህል ቅርብ ነው። አሳሳሉ ግን ሌላ ዓላማ አለው። በእነዚያ ግድግዳዎች ላይ ሩቅ ያለው አይፈዝዝም፤ ቅዱሱ ከተራራው የሚበልጠው ስለቀረበ ሳይሆን ስለሚከበር ነው፤ ጻድቁ ፊቱን ሙሉ፣ ክፉው በአንድ ዓይን በጎን ይሳላል። ምእመኑ ቀርቦ ታሪኩን እንዲያነብ የተሠራ ስለሆነ ሁሉም ነገር እኩል ጥርት ያለ ነው። ይህን በርቀት ሕግ መዝኖ «ጥልቀት ይጎድለዋል» የሚል ሰው ሥዕሉን ከማይመለከተው ወንበር ላይ ሆኖ እየፈረደበት ነው። ተውኔቱ የአገራችንን ጥንታዊ ታሪክ ሲሆን ንድፍ አውጪው ይህን መንገድ ቢመርጥ እኔ ደስ ይለኛል፤ ብቻ ከአዳራሹ መጨረሻ እንዲነበብ መስመሮቹ ጣት የሚያህል ውፍረት ያስፈልጋቸዋል።

አዳራሹ ሲያንስ

እስካሁን የተናገርነው ትልቅ አዳራሽ ታሳቢ አድርገን ነው። በቆቦም ሆነ በሌላ የወረዳ ከተማ ተውኔት የሚታየው ለስብሰባ በተሠራ አዳራሽ፣ በትምህርት ቤት ወይም በሜዳ ላይ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ከመድረኩ 3 ሜትር ላይ ከሆነ ዓይን 1 ሚሊ ሜትር ያህሏን ነጥብ ይለያል፤ ለ20 ሜትር የተረጨው ግድግዳ እዚህ ፈንጣጣ የወጣበት ይመስላል። ከአዲስ አበባ ሠርቶ ይዞ የሚመጣ ቡድን ይህን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። እኔ የምመክረው እስከ ተዋናዩ ትከሻ ያለውን ክፍል በስፖንጅ አድቅቆ መሥራት፣ ከዚያ በላይ ያለውን እንዳለ መተው ነው። ተመልካች ዓይኑን የሚያውለው ሰው ባለበት ከፍታ ላይ ነው።

በራያ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ሀብት አለ። ደጋሊትና ጅጉርቴ የመሳሰሉት የአገሬው ማሽላዎች ቁመታቸው ከሰው ይበልጣል፤ አዝመራው ሲነሣ አገዳው በየደጁ ይከመራል። ከፊት እውነተኛውን አገዳ አቁሞ፣ ከጀርባው በቀለም የተሳለውን ማስቀጠል ይቻላል። መጋጠሚያው እንዳይታወቅ የተሳለው ቀለም ከደረቀው አገዳ ላይ መወሰድ አለበት፤ ትኩስ አረንጓዴ ከሆነ ሁለቱ ይጣላሉ። ደረቅ አገዳ እሳት ስለሚወድ ከመብራት መራቅ አለበት፤ አንድ ሰውም ውኃና አሸዋ ይዞ ከመድረኩ ጀርባ ይቁም።

በነሐሴ ሶለል ሰሞን ወይም በሌላ በዓል ትርኢቱ ደጅ፣ በቀን ከሆነ ለስላሳ ጥላ የሚፈጥር የመድረክ መብራት የለም፤ ጥላውን ሠዓሊው ራሱ ሸራው ላይ ይስለዋል። የተሳለው ጥላ ከፀሐይዋ አቅጣጫ ጋር መስማማት ስላለበት፣ ሰዓቱ ሳይታወቅ መሳል አይጀመርም። ከሰዓት በኋላ ከሆነ መድረኩ ፊቱን ወደ ምዕራብ ቢያዞር ይሻላል፤ ፀሐይዋ ከተመልካቹ ጀርባ ሆና ሸራውን ታበራዋለች። ያኔ ተመልካቹ ወደ ምሥራቅ ስለሚመለከት ከሸራው በላይ ዞብል ራሱ ይታያል። በእንዲህ ያለ ቦታ ተራራ መሳል ከንቱ ነው፤ የተሳለው ከእውነተኛው አጠገብ ወዲያው ያንሳል። ሸራውን ከሰው ቁመት ጥቂት ብቻ ከፍ አድርጎ ማሳውንና አጥሩን መሳል፣ ተራራውን ለቦታው መተው፣ ፀሐይዋ ከምዕራቡ ደጋ ጀርባ ሳትገባም ትርኢቱን መጨረስ ይበቃል።